የኋላ ጎማ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፤ የመስከረም ዝናብ ገና አባርቶ ጉም ከሸለቆው ይነሣል፤ ቁልቋል በር በሚባለው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ቄስ ልሳነወርቅ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሞተረኛው ያረጋል ጓንጉል የኋላ ጎማውን ይነፋል።

ቄሱ፦ አይሆንም፣ ያረጋል። አባትህ አልጋ ላይ ሆኖ ካህን እየጠበቀ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ጎማ ሲነፋ ልይ?

ያረጋል፦ ቢነሡስ ወዴት ይሄዳሉ፣ አባ? ከዚህ ወዲያ ቁልቁለቱ ጭቃ ነው። እንኳን የእርስዎ ጉልበት፣ ፍየልም ይንሸራተትበታል።

ቄሱ፦ ከደብሩ ደጅ ስንነሣ ነፋህ። ድልድዩ ጋ ነፋህ። አሁንም ትነፋለህ። ጎማ ነው ወይስ የቀጥቃጭ ወናፍ?

ያረጋል፦ ቀዳዳው ስውር ነው። ባንዴ ቢፈነዳ ቁርጤን አውቄ እለጥፈው ነበር። ይሄ ግን ሲነፉት ይነፋል፣ ሲሄዱበት ይተነፍሳል። እሾህ ይሁን ሚስማር አላገኘሁትም።

ቄሱ፦ በቅሎዬ ብትኖር ይኼን ጊዜ ከጓንጉል ደጅ ታስራ ገለባ ትበላ ነበር።

ያረጋል፦ በቅሎዎማ ገደል ከገባች ቆየች። ሙት አይወቀስም፣ ድንጋይ አይነከስም።

ቄሱ፦ ወቀስኋት እንዴ? አመሰገንኋት እንጂ። ዳገት ስትወጣ ትተነፍስ ነበር፤ ቆማ ስትተነፍስ ግን አይቻት አላውቅም።

ያረጋል፦ ሞተር ገለባ አይበላም፣ አባ።

ቄሱ፦ ገለባ አይበላም፤ ቀን ግን ይበላል። ፀሐይዋን እያት፣ ወዴት እንደደረሰች።

ያረጋል፦ እደርሳለሁ ብያለሁ፣ እንደርሳለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ቄሱ፦ ያልቸኮለችስ ምን ለቀመች? ለመሆኑ ጓንጉልን እንዴት ሆኖ ተውኸው?

ያረጋል፦ ቃሉ አለ። እህል ግን አልወርድ ብሎታል። ዓይኑን ከበሩ አይነቅልም።

ቄሱ፦ ሽማግሌዎቹስ?

ያረጋል፦ ከጧት ጀምሮ ደጃፍ ተቀምጠዋል። አያ ብዙዓየሁ አሉ፣ አያ ደርበው አሉ። አባቴ ቃሉን ሊጀምር ቢል፣ አያ ደርበው እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት፤ «ካህን ሳይደርስ ጆሮ የለንም» አሉ።

ቄሱ፦ ደግ አደረጉ። ሥርዓታችን ነው። ሰው ለብቻው የተናገረው ወሬ ነው፤ ካህንና ሽማግሌ ተቀምጦ የሰማው ኑዛዜ ነው።

ያረጋል፦ ካህኑ ባይደርስስ?

ቄሱ፦ ምን አልህ?

ያረጋል፦ ለነገሩ ያህል ነው። ወንዝ ይሞላል፣ ሰው ይታመማል።

ቄሱ፦ ጎማ ይተነፍሳል።

ያረጋል፦ እሱም አለ።

ቄሱ፦ ካህኑ ካልደረሰ፣ ሽማግሌ ከተቀመጠበት ተነሥቶ አቧራውን አራግፎ ይሄዳል። የሰውየው ቃል ከሰውየው ጋር ይቀበራል። በልቡ የያዘው ነገር ለማንም አይደርስ፣ ማንንም አይጠይቅ፣ ማንንም አይክስ። ለምን ጠየቅኸኝ?

ያረጋል፦ ዝም ከማለት ብዬ ነው። መንፋት ብቻውን ይሰለቻል።

ቄሱ፦ አሁንስ በቃው። ተነሥ፣ እንሂድ።

ያረጋል፦ ትንሽ ይታገሡኝ። ሁለት ሰው የሚሸከም ጎማ ጠንከር ማለት አለበት። እርስዎም ቀላል አይደሉም።

ቄሱ፦ እኔ? ከጾሙ ወዲህ ክብደቴ ጥምጥሜ ብቻ ነው።

ያረጋል፦ የቀረው መስቀሉ ነው እንግዲህ፤ መስቀል ይከብዳል ይባላል። ይልቅ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ይመርቁልኝ።

ቄሱ፦ ማንን?

ያረጋል፦ ጎማውን። በሬ ይመርቃሉ፣ ማረሻ ይመርቃሉ፣ አዲስ ቤት ይመርቃሉ። ጎማ ምን በደለ?

ቄሱ፦ ትቀልድብኛለህ።

ያረጋል፦ የእርስዎ ምርቃት ይደርሳል ሲሉ ሰምቼ ነው። የአያ ደርበው ላም መክና ከርማ የወለደችው በእርስዎ እንትፍታ አይደለም?

ቄሱ፦ ላሟ የወለደችው በኮርማ ነው። ግን እሺ፤ ከጠየቅህ እንቢ አልልም። ዞር በል፣ ልጠጋው። ጉልበቴን ደግፈኝ... እንዲህ። «መንገድህ ይቅና። የያዝኸውን አይንጠቅህ። የተሰወረውን ይግለጥልህ።» እንትፍ። እንትፍ።

ያረጋል፦ አሜን። ይበቃል፣ አባ። አየር ማስገቢያው አፍ ላይ አይደለም፣ ጎማው ላይ ነው እንጂ።

ቄሱ፦ ሰው የሚመረቀው በግንባሩ ነው፣ ላም በሽንጧ፤ ጎማ ግንባሩ የት እንደሆነ ስላላወቅሁ አፉ ላይ መረቅሁት። ለምን ቆቡን ትመልሳለህ? ተወው፣ ክፍት ይሁን።

ያረጋል፦ አቧራ ይገባበታል።

ቄሱ፦ በጭቃ አገር ምን አቧራ አለ? ጎንበስ በልና እየው።

ያረጋል፦ ምኑን ልይ?

ቄሱ፦ ምርቃቴ ፈላ። እንደ ጠላ አረፋ ይዟል። አየኸው? አንዷ ፈነዳች፣ ሌላዋ ተተካች። እሾህም የለም፣ ሚስማርም የለም። አየሩ የሚወጣው በገባበት በር ነው።

ያረጋል፦ ኮረኮንች ነው፣ አባ። ሲንገጫገጭ ውሎ አፉ ውስጥ አየሩን የምትይዘው መርፌ ላልታ ይሆናል።

ቄሱ፦ ላልታ ነው ወይስ አላልተሃት?

ያረጋል፦ ሰው በገዛ ሞተሩ ላይ እንዲህ ያደርጋል?

ቄሱ፦ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች አሉ። ደጄ ስትደርስ በዚህ አፍ ላይ የብረት ቆብ ነበር። ጫፉ የተሰነጠቀ፣ ያችን መርፌ ማጥበቂያም ማላሊያም የሚሆን። አሁን ያለው የላስቲክ ነው።

ያረጋል፦ ካህን የጎማ ቆብም ይመለከታል?

ቄሱ፦ ካህን እግር ያጥባል፤ ወደ ታች ማየት ለምዷል። ብረቱ የት አለ?

ያረጋል፦ ወድቆ ይሆናል።

ቄሱ፦ ቀኝ ኪስህን ደጋግመህ የምትነካው ታዲያ ምን ቢኖርበት ነው?

ያረጋል፦ ሊፈትሹኝ ነው?

ቄሱ፦ ፖሊስ አይደለሁም። አንተው ታወጣው እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።

ያረጋል፦ ...ይኸው።

ቄሱ፦ መዳፍህ ላይ ይሁን፣ አትጨብጠው። ንገረኝ እስቲ። አባትህ ልኮህ መጣህ። እንቢ ማለት ስትችል መጣህ። ጫንኸኝ፣ ጃንጥላዬን አሰርህልኝ፣ ጭቃ እንዳይነካኝ ላስቲክ አለበስኸኝ። ከዚያ በዚህች ብረት መርፌዋን አላላህ። ለምን?

ያረጋል፦ እንቢ ብል ሰው ያየኛል። ጎማ እንቢ ቢል ማን ያየዋል?

ቄሱ፦ መልስ ነው። ሰይጣንም ይመልሳል።

ያረጋል፦ አይርገሙኝ፣ አባ።

ቄሱ፦ አልረገምሁህም። ቀጥል።

ያረጋል፦ ማታ ጠራኝ። ከወንድሞቼ ለይቶ እኔን ብቻ። «ነገ ካህን አምጣልኝ፣ ሽማግሌ አስቀምጥልኝ፣ አትጠገብንም ጥራልኝ» አለኝ። ወይዘሮ አትጠገብን ምን ሊያደርጋት ነው ብዬ ጠየቅሁት። «የምንጩ መሬት የእርሷ ነው» አለኝ። እንዲህ፣ ውሃ ስጡኝ እንደሚል ሰው።

ቄሱ፦ የምንጩ መሬት። አንተ የያዝኸው።

ያረጋል፦ እኔ የያዝሁት። ባሏ ሞቶ ተዝካሩ ሳይወጣ፣ አባቴ የወሰኑን ድንጋይ ወደ ማሳዋ ገፍቶ ተከለው። ማሳዋ ተቆርሶ ወደኛ ዞረ። እሷ ብቻዋን ነበረች፤ ተከራካሪ ወንድ አልነበራትም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

ቄሱ፦ ሞኝ ናት?

ያረጋል፦ አይደለችም። ዝም አለች እንጂ።

ቄሱ፦ ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ብለን ሁላችንም ተኛን።

ያረጋል፦ አባቴ ሠራው፣ አባ። እኔ አልነበርሁበትም። ወንድሞቼ የላዩን መሬት ተካፍለው ሲጨርሱ ለእኔ የደረሰችኝ እሷው ናት። ሚስቴ ያገባችኝ ባለ መሬት ነው ብላ ነው። ዛሬ ሽማግሌ ፊት «የእርሷ ነው» ቢል፣ ከዛሬ ወዲያ እኔ ምንድን ነኝ? የማን እኩል አራሽ ልሆን?

ቄሱ፦ ሞተር አለህ።

ያረጋል፦ እሷም ከዚያው ናት።

ቄሱ፦ እንዴት ከዚያው?

ያረጋል፦ በበጋ ምንጩን ጠልፌ ነጭ ሽንኩርት ተክዬ፣ ሽንኩርቱን ሸጬ ነው የገዛኋት።

ቄሱ፦ እንግዲህ እኔ ከደብሬ እስከዚህ በወይዘሮ አትጠገብ ሽንኩርት ላይ ተቀምጬ ነው የመጣሁ።

ያረጋል፦ አይሣቁብኝ።

ቄሱ፦ አልሣቅሁም። ሽታው አሁን ነው የደረሰኝ።

ያረጋል፦ አንድ ነገር ብቻ ይመኑኝ። እንዲሞት አልተመኘሁም። ቃሉ እንዲቆይ ነው የፈለግሁ። ዛሬ ከዋለ ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል፤ ትኩሳት ይሆናል ያናገረው። ነገ ቀለል ብሎት «ምን ብዬ ነበር?» ይል ይሆናል።

ቄሱ፦ ባይነጋለትስ?

ያረጋል፦ ባይነጋለት...

ቄሱ፦ ጨርሰው።

ያረጋል፦ ባይነጋለት መሬቱ ይቀርልኛል። ይኸው ጨረስሁት። ድልድዩ ጋ ሆኜ ስነፋ ያሰብሁት ይህንኑ ነው፤ በያንዳንዱ ግፊት። አባቴ አየር አጥሮት ተኝቶ፣ እኔ ለጎማ አየር እየቆነጠርሁ መንገድ አስረዝማለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ለምን ያደርቁኛል? ያውቃሉ አሁን።

ቄሱ፦ አሁን አይደለም ያወቅሁ።

ያረጋል፦ ምንድን ነው የሚሉኝ?

ቄሱ፦ ድልድዩ ጋ አይቼሃለሁ። ወንዙን የማይ መስዬ ዞሬ ነበር፤ እጅህ ቆቡ ላይ ስትዞር አየሁ። የምትነፋ መስለህ መርፌዋን መልሰህ አላላሃት።

ያረጋል፦ ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ለምን ያኔ አላሉኝም?

ቄሱ፦ ቁጭ አልሁ።

ያረጋል፦ ጉልበትዎን አሞዎት ነው።

ቄሱ፦ ከድልድዩ እስከ እናንተ ቤት በአቋራጩ ስወርድ ኖሬአለሁ። ቀስ ብዬ ብነሣ ኖሮ ይኼን ጊዜ ከጓንጉል ራስጌ ነበርሁ። ቁጭ አልሁ። እዚህም ደረስን፤ ያች ድንጋይ ደረቅ ናት ብዬ መረጥሁ፣ ቁጭ አልሁ። አንተ ትነፋለህ፣ እኔ «ቶሎ በል» እላለሁ። ሰሚ ቢኖር ካህኑ ቸኩሏል ይል ነበር።

ያረጋል፦ አልገባኝም፣ አባ።

ቄሱ፦ ይገባሃል። የምንጩን መሬት የሚያርሱት የማን በሬዎች ናቸው?

ያረጋል፦ ...የእርስዎ።

ቄሱ፦ ጤፉ ሲወቃ እኩሌታው ወዴት ይገባል?

ያረጋል፦ ወደ እርስዎ ጎተራ።

ቄሱ፦ እንግዲህ ቁጭ ያልሁት ለጉልበቴ አልነበረም።

ያረጋል፦ አባቴ ቀድሞ ነግሮዎት ነበር እንዴ? በንስሐ?

ቄሱ፦ የሰማሁትን አልነግርህም። ብሰማም ባልሰማም አልነግርህም። ያደረግሁትን ግን ነገርሁህ።

ያረጋል፦ እኔ ደግሞ እርስዎን ፈርቼ ነበር ልቤ የሚመታ። «ካህን ያውቅብኛል» እያልሁ።

ቄሱ፦ አወቅሁብህ። አንተም አወቅህብኝ። ተያየን።

ያረጋል፦ ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? ታዲያ አያያዙ ይመር። ሁለታችንም ይቺን ድንጋይ ታቅፈን እስኪመሽ እንቀመጥ። ማንም አይጠይቀንም። ጎማ ነው። ሰው ሁሉ ጎማ ያውቃል። እርስዎም «እግዚአብሔር ያልፈቀደው» ይላሉ፣ ያልፋል።

ቄሱ፦ ይህንን እኮ ከአንተ ቀድሜ አስቤዋለሁ። ቃሉንም እንኳ አሰናድቼው ነበር። «ብንቸኩልም አልሆነልንም።» እንዴት ያምራል፤ የለቅሶ ቤት ሁሉ ራሱን ይነቀንቅልኛል።

ያረጋል፦ ታዲያ ለምን መረቁት? ዝም ብለው ቢተዉት አይፈላም ነበር።

ቄሱ፦ አንተ ነህ የጠየቅኸኝ። እንቢ ልል አስቤ አፌ ፈቀደ። እንትፍታ ሲወጣ ካህን ነበርሁ መሰለኝ፤ ሲፈላ ግን ሌላ ሰው ሆኜ አየሁት።

ያረጋል፦ ስልኬ ጠራ።

ቄሱ፦ እዚህ ኔትወርክ አለ?

ያረጋል፦ ይህ ኩርባ ላይ ብቻ ነው ያለው። እህቴ ጥሩወርቅ ናት። ላንሣው?

ቄሱ፦ እኔን ነው የምትጠይቅ?

ያረጋል፦ ሃሎ፣ ጥሩዬ። አለን፣ አለን። ቁልቋል በር ላይ ነን... ጎማ ነው። አዎ፣ ያው ጎማ... ምን ይላል? ... ድገሚልኝ፣ አልሰማሁም... ማን? ... እሷ መጥታ? ... እሺ። እሺ፣ አታልቅሽ። ዝጊው፣ ባትሪሽ ያልቃል።

ቄሱ፦ ምን አለች?

ያረጋል፦ በሩን አትዝጉት ብሏቸዋል። ብርዱ ይገባብሃል ቢሉት፣ «ዝም በሉ፣ የሞተሩን ድምፅ ልስማበት» አለ። ሌላ ሞተር በታች በኩል ሲያልፍ፣ «ያረጋል ነው፣ አነሡኝ» ብሎ ደግፈው አስቀመጡት። ድምፁ ሲርቅ መልሰው አስተኙት።

ቄሱ፦ እግዚኦ።

ያረጋል፦ ራስጌው ያለችው ማን እንደሆነች ልንገርዎ?

ቄሱ፦ ንገረኝ።

ያረጋል፦ ወይዘሮ አትጠገብ። ከምንጩ ውሃ ቀድታ መጥታ ከንፈሩን በጥጥ ታረጥብለታለች። አጥሬን ዞራ ነው የምትቀዳው፤ ምንጩን ካጠርሁት ወዲህ ዞራ ነው። ዛሬም ዞራ ነው የቀዳችው።

ቄሱ፦ አውቃ ይሆን ለምን እንደተጠራች?

ያረጋል፦ እኔም አልጠራኋትም፣ ማንም አልነገራትም። ታሟል ተብላ መጣች።

ቄሱ፦ ያረጋል።

ያረጋል፦ አቤት።

ቄሱ፦ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ፣ አትቆጣ። ጓንጉል ዛሬ ሳይናገር ቢያልፍ፣ ድንጋዩ መጀመሪያ የት እንደቆመ የሚያውቅ ሰው ይቀራል?

ያረጋል፦ የተከሉት ሁሉ አልፈዋል። የእሷም ባል አልፏል። አያ ደርበው ያኔ ቆላ ነበሩ።

ቄሱ፦ እሷስ?

ያረጋል፦ በዚያ ወሰን ላይ ቆማ እህል ሲዘራ አላየችም፤ ባሏ ነበር የሚያርሰው። እስከ ምንጩ ነበር ትላለች ይላሉ። ከምንጩና ከአጠገቡ ካለው የሾላ ዛፍ ወዲህ ይሁን ወዲያ፣ አስረግጣ አታውቅም።

ቄሱ፦ አንተስ?

ያረጋል፦ እኔ ከየት አውቃለሁ?

ቄሱ፦ ማታ አልነገረህም?

ያረጋል፦ ...አልነገረኝም።

ቄሱ፦ እሺ።

ያረጋል፦ አላመኑኝም።

ቄሱ፦ እሺ አልሁህ። እኔ ማንን አምኜ ማንን ልክድ? አሁን ይልቅ ያችን ብረት አምጣ።

ያረጋል፦ ምን ሊያደርጉባት?

ቄሱ፦ መርፌዋን ላጠብቅ።

ያረጋል፦ አይሆንልዎትም፣ ጠማማ ካዞሯት ትሰበራለች። ተዉት፣ እኔ ላጥብቃት።

ቄሱ፦ አጥብቃት እንግዲህ። እኔ እነፋለሁ።

ያረጋል፦ እርስዎ? በዚህ እድሜዎ?

ቄሱ፦ ጋቢዬን ያዝልኝ። ስበላበት የኖርሁትን ልንፋበት። መንፊያውን ወዲህ አድርገው።

ያረጋል፦ አባ፣ ሰው ቢያልፍ ምን ይለናል? ካህን ጎማ ሲነፋ፣ ሞተረኛ ጋቢ ታቅፎ ቆሞ።

ቄሱ፦ ያበዱ ናቸው ይላል። ካሰብነው ቃል ይሻላል። ጠበቀች?

ያረጋል፦ ጠበቀች። ይግፉት። ቀስ... ከወገብዎ ሳይሆን ከትከሻዎ። እንዲያ።

ቄሱ፦ ይኼ... ከስግደት... ይከብዳል።

ያረጋል፦ ይረፉ፣ ልቀበልዎ።

ቄሱ፦ አልጨረስሁም። በል፣ አንተም ሥራ ፈትተህ አትቁም። ተራህ ነው።

ያረጋል፦ የምን ተራ?

ቄሱ፦ እንትፍ በልበት።

ያረጋል፦ እኔ መራቂ አይደለሁም፣ አባ። ዛሬ ከሁሉ ሰው እኔ አይደለሁም።

ቄሱ፦ እኔስ ማን ሆኜ መረቅሁት? ጎንበስ በል። ጎማው ማን እንደተፋበት አይለይም፤ ያየር ነገር ነው የሚያውቅ።

ያረጋል፦ እንትፍ።

ቄሱ፦ እንዴት ነው?

ያረጋል፦ ቆይ ልየው።

ቄሱ፦ እኔ እንባ ነው መሰለኝ ዓይኔን ጋርዶኛል፤ ላብም ይሆናል። አይታየኝም፣ ንገረኝ።

ያረጋል፦ አልፈላም።

ቄሱ፦ እርግጥ?

ያረጋል፦ አንዲት አረፋ የለችም። ዝም ብሏል። ብረቱን ቆብ ልግጠምበት።

ቄሱ፦ ግጠምበት። ጋቢዬን አምጣ። ፀሐይዋ የት ናት?

ያረጋል፦ ከቁልቋሉ አናት ዝቅ ብላለች። ቁልቁለቱን ሳልቆም ከወረድሁ እንደርሳለን። አጥብቀው ይያዙኝ። ጃንጥላዎን በእግርዎ ሥር ያድርጉት።

ቄሱ፦ ይዤሃለሁ። አስነሣው።

ያረጋል፦ ይቆዩ፣ አባ።

ቄሱ፦ ምነው? አልነሣም አለ?

ያረጋል፦ ሞተሩስ ይነሣል። ስልኬ ነው፤ እንደገና ጠራ።

ቄሱ፦ ማን ናት?

ያረጋል፦ ጥሩወርቅ ናት። አሁን አይደል የዘጋችው? ይህን ያህል ቶሎ ለምን ትደውላለች?

ቄሱ፦ አንሣው፣ ልጄ።

ያረጋል፦ አላነሣም። ገና አላነሣም።

ቄሱ፦ ለክፉ ላይሆን ይችላል። ደረሳችሁ ወይ ለማለት ይሆናል።

ያረጋል፦ ይሆናል። ካነሣሁት ግን አውቃለሁ። ካወቅሁ ደግሞ ዋሽቼ የምቀር ሰው ልሆን እችላለሁ፤ ራሴን አየሁት ዛሬ። ሳላውቅ ልንገርዎ። ይሰማሉ?

ቄሱ፦ እሰማለሁ።

ያረጋል፦ እንደ እኩል አራሽ አይስሙኝ። እንደ ካህን ይስሙኝ።

ቄሱ፦ መስቀሌን ይዣለሁ። ተናገር።

ያረጋል፦ ማታ ነግሮኛል። ድንጋዩ የቆመው ከሾላው ወዲህ በእኛ በኩል ነበር፤ ምንጩም ሾላውም የወይዘሮ አትጠገብ ናቸው።